ካሳው ዛፉን ቆጠረ፣ ሥራውን ዘነጋ

በአሜሪካ የግብርና ኢኮኖሚ ምሁራን ዘንድ ሥር የሰደደ አስተያየት አለ፤ አደጋ በደረሰ ቁጥር ኮንግረሱ የሚመድበው ልዩ ካሳ ገበሬውን መድን ከመግዛት ያዘናጋዋል ይላሉ። መንግሥት ኋላ እንደሚደርስለት የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ለምን አረቦን ይከፍላል? የ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የሰብል መድን ማሻሻያ ሕግም የወጣው ይህንኑ የካሳ ልማድ ለመግታት ነበር። አልተሳካም፤ መንግሥት ዛሬ ከአረቦኑ ከግማሽ በላይ እየሸፈነም ልዩ ካሳው ቀጥሏል። ስለ ጥጥና ስለ ኦቾሎኒ አምራች ከሆነ ትችቱን እቀበላለሁ።

ስለ ደን ሲሆን ግን አልቀበለውም። በሰሜን ምዕራብ ፍሎሪዳ የምትገኘውን የካልሁን ካውንቲን እንይ። ነዋሪዋ ከ15 ሺህ ያነሰ ነው፤ መሬቷን በብዛት የሸፈነው የፓይን ደን ነው። ኦክቶበር 10 ቀን 2018 ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ ከባሕሩ ዳርቻ ተነሥቶ በላይዋ አለፈ። የግዛቱ የደን መሥሪያ ቤት ባወጣው ግምት በፍሎሪዳ ከ1.1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ደን ተጎድቷል፤ የጠፋው እንጨት ዋጋም ወደ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። የፌዴራሉ የሰብል መድን ለግንድ የሚተከልን ዛፍ አይሸፍንም። የግል መድን አለ፣ ግን የሚገዛው ጥቂት ነው። ታዲያ ካሳው ባለደኑን ያዘናጋው ከየትኛው መድን ነው?

ባለደኑ ዘግይቶም ቢሆን ካሳ አገኘ። አውሎ ነፋሱ ካለፈ ከስምንት ወር በኋላ፣ በጁን 2019፣ በጸደቀው ሕግ መነሻነት ለፍሎሪዳ የደን ባለቤቶች ከ380 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመደበ። ተቺዎቹም ደጋፊዎቹም የሚከራከሩት በዚህ ገንዘብ ላይ ነው፤ ዛፍ የሌለውን ግንድ ቆራጭ የሚያነሣው የለም።

የቆራጩ ኪሳራ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። የወደቀ ፓይን በወራት ውስጥ ስለሚበሰብስ መጀመሪያ ሥራው ይበዛል፤ ፋብሪካዎች በግንድ ይጥለቀለቃሉ፣ ዋጋ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚቆረጥ ነገር ይጠፋል። አዲስ የተተከለው ለመጋዝ የሚደርሰው ከ25 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በብድር የተገዛው ማሽን ግን የወር ክፍያውን ይጠይቃል። በ2022 የፓናማ ሲቲ የወረቀት ፋብሪካም ተዘጋ፤ ጥፋቱን በአውሎ ነፋሱ ላይ ብቻ መጣል ባይቻልም፣ ለቆራጩ አንድ ትልቅ ገዢ ቀረበት ማለት ነው።

የእሱን ጉዳት መለካት አይቻልም የሚሉኝ አሉ። ተለክቷል እኮ! በኮቪድ ጊዜ የግብርና ሚኒስቴር ለግንድ ቆራጮችና አጓጓዦች 200 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። መለኪያው የወደቀ ዛፍ አልነበረም። ከገቢው ቢያንስ ግማሹን ከዚህ ሥራ የሚያገኝና በ2020 ገቢው ከ2019ኙ በ10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰበት ድርጅት ሁሉ ማመልከት ይችል ነበር፤ ጣሪያው 125 ሺህ ዶላር ነበር። ይህም የሚከፈለው ለማሽኑ ባለቤት እንጂ ለተቀጣሪው አለመሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም ዛፍ ከመቁጠር ይሻላል።

ስለዚህ ባልደረቦቼ ካሳው ሰውን ያሰንፋል ወይስ አያሰንፍም እያሉ ከመሟገት ይልቅ፣ ይህ የገቢ መለኪያ በቋሚ የአደጋ ሕግ ውስጥ እንዲገባ ኮንግረሱን ቢጠይቁ ይበጃል።