ነቀዝ ያለበት ጎተራና ትል የገባበት ኮምፒውተር

በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ እህልና በርበሬ የሚነግድ ሰው ስለ ነቀዝ አስተማሪ አያሻውም። ነቀዝ የነበረበት ጎተራ ሳይጠረግ፣ አሮጌው ጆንያም ሳይራገፍና ፀሐይ ሳይመታው አዲስ በቆሎ ቢገለበጥበት ነቀዙ ተመልሶ እንደሚገኝ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሯል። ነገር ግን ይኸው አስተዋይ ነጋዴ በቤቱ ያስቀመጠው ኮምፒውተር በትል በተያዘ ጊዜ የጎተራውን ጥበብ ፈጽሞ ረስቶት ይታያል። መሣሪያውን ብቻ ያስጠርጋል፤ ጆንያዎቹን፣ ማለት ፍላሾቹን፣ እንዳሉ ይተዋቸዋል። በሳምንቱ ትሉ ተመልሶ ሲመጣም የጠገነለትን ሰው ይወቅሳል።

በተለምዶ ኮምፒውተርን የሚያውክ ክፉ ፕሮግራም ሁሉ «ቫይረስ» ይባላል። በባለሙያዎች ዘንድ ግን ትል፣ ወይም ዎርም፣ ተብሎ የሚታወቀው ዐይነት ለብቻው የሚታይ ነው። ቫይረስ በሌላ ፋይል ላይ ተጣብቆ ሲሄድ ትል ግን ራሱን በራሱ እያባዛ በመረብም ሆነ በፍላሽ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ኅዳር 2001 ዓ.ም. የታየው ኮንፊከር የተባለው ትል በዚህ አኳኋን በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ይዟል። ይኸው ትል ቀላል የይለፍ ቃሎችን እየገመተ ይገባ ነበር፤ ከገባም በኋላ ባለቤቱ መድኃኒት እንዳያገኝ የአንቲቫይረስ ድርጅቶችን ገጾች ይዘጋበት ነበር። የሚያሳዝነው ግን ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ጥቅምት 13 ቀን 2001 ዓ.ም. አስቀድሞ አውጥቶት መገኘቱ ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎችን ሳይቀር ያወከው ዋናክራይም እንዲሁ ነበር፤ ማሻሻያው የወጣው ከሁለት ወር በፊት መጋቢት 5 ቀን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ያገራችን ብሂል ለዚህ ነገር እጅግ የተስማማ ነው።

አሁን ለምሳሌ ያህል በደምበጫ ከተማ የሚኖር አንድ የእህል ነጋዴ ይታሰብ። ቀን ልጆቹ በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከጓደኛ በተዋሱት ፍላሽ ፊልም ይመለከታሉ። ማታ የዱቤው ሒሳብ በዚያው ኮምፒውተር ይጻፋል። በማግሥቱ ሒሳቡን የያዘው ፍላሽ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይወሰዳል፤ እዚያም የተማሪው፣ የሌላው ባለ ሱቅና የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ፍላሽ በተሰካበት ቀዳዳ ይሰካል። አንድ ቀን ፍላሹ ሲከፈት በሰነዶቹ ፈንታ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ምልክቶች ብቻ ተደርድረው ይገኛሉ። ባለቤቱም ሒሳቡ የጠፋ መስሎት ይደነግጣል፤ ወዲያውኑም «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ያዛል።

ብርቱው ጉዳት የሚደርሰው በዚህች ሰዓት ነው። ፍላሽን እንዲህ የሚያደርገው ትል ብዙውን ጊዜ ሰነዶቹን አያጠፋቸውም፤ ይደብቃቸውና በቦታቸው ወደ ራሱ የሚመራ ቀስት ያስቀምጣል። ቀስቱን የጫነ ሰው ትሉን በገዛ እጁ ያስነሣዋል። ፎርማት ያስደረገ ሰው ደግሞ ተደብቆ የነበረውን የዱቤ መዝገብ በገዛ እጁ ይደመስሳል። ትሉ ያላደረገውን ባለቤቱ አደረገው ማለት ነው። ነጋዴ ከማን ምን ያህል እንደሚፈልግ የሚያስረዳው ጽሑፍ ከጠፋበት፣ የቀረው የተበዳሪው ሕሊና ብቻ ነው።

ትሉ ስለምን ተመልሶ ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ትሉ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ ራሱን በልዩ ልዩ ስፍራ ያስመዘግባል፤ አንዱ ቅጂ ሲሰረዝም ሌላው ይተካዋል። ሁለተኛ፣ በየኪሱ ያሉት ፍላሾችና የስልክ ሚሞሪዎች አልታዩም። ሦስተኛ፣ ትሉ የገባበት ቀዳዳ አልተደፈነም። የዊንዶውስ 7 መደበኛ ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ብዙ ሱቆች ግን ዛሬም የሚሠሩት በእነዚሁ ነው። ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ዊንዶውስና ፒችትሪ ለማስከፈት የሚሠራበት «ክራክ» የሚባለውም ፕሮግራም ራሱ ትል ተሸክሞ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ሥራው በሥርዓት ሊከናወን ይገባዋል። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ ከመረብ ይለያል፤ ምንም ፍላሽ አይሰካበትም። ቀጥሎ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ከታመነ የአንቲቫይረስ ድርጅት የማስነሻ ዲስክ ይዘጋጅና የታመመው ኮምፒውተር በዚያ ተነሥቶ ይመረመራል፤ ትሉ ሳይነሣ ሊያዝ የሚችለው በዚህ መንገድ ነውና። በዊንዶውስ 10ና ከዚያ ወዲህ ባሉት ውስጥ ያለው ዲፌንደርም ይህን ከመነሻ በፊት የሚደረግ ምርመራ ያለ ዋጋ ይሠራል። ከዚያም የቤቱ፣ የሱቁና የጸሐፊው ፍላሾች ሁሉ በዚያው ዕለት አንድ በአንድ ይመረመራሉ፤ የተደበቁትም ሰነዶች እንዲታዩ ተደርጎ ይገለበጣሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ትሉ እንቢ ካለ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ወደ አዲሱ የሚመለሱት ሰነዶች ብቻ እንጂ ፕሮግራሞች መሆን የለባቸውም። በመጨረሻም ማሻሻያው ይጫናል፤ የኢሜይልና የባንክ ይለፍ ቃልም ከንጹሕ መሣሪያ ላይ ይለወጣል። መስመር በሚቋረጥበት ስፍራ ማሻሻያው መስመር ካለበት ከተማ በተመረመረ ፍላሽ ሊመጣ ይችላል።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ድካም ከሚሆን ወደ ብዕርና ወደ መዝገብ መመለስ ይሻላል» ይላሉ። አባባላቸው ከቶ የሚናቅ አይደለም፤ በየሳምንቱ የዱቤውን ሒሳብ በወረቀት አትሞ ማኖር፣ አንድ ቅጂም ሁልጊዜ ተነቅሎ በሣጥን በሚቆለፍ ፍላሽ ማስቀመጥ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። ነገር ግን ወረቀትንም አይጥና እሳት አያጡትም። ደንበኛውና ባንኩ ሁሉ በኮምፒውተር በሚሠሩበት ዘመን ከኮምፒውተር መሸሽ ከገበያ መሸሽ ይሆናል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የአንድ ቤት ጎተራ ቢጠረግና የጎረቤቱ ነቀዝ ቢተው፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን በተዋሱት ጆንያ ነቀዙ መመለሱ አይቀርም። ትልም እንዲሁ የአንድ ቤት በሽታ አይደለም፤ የአንድ ገበያ በሽታ ነው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ጐጂ ፕሮግራምን አውቆ የሚያሠራጭ ሰው ይቀጣል። ባለማወቅ የሚያሠራጨውን ሰው ሕጉ ባይጠይቀው እንኳ የነጋዴነት ክብሩ ሊጠይቀው ይገባል። ፍላሹ መታመሙን እያወቀ ዝም ብሎ ለፎቶ ኮፒ ቤት የሚሰጥ ሰው የነቀዘ እህል ከደህናው ቀላቅሎ ከሚሸጥ ሰው በምን ይለያል?

ስለዚህ የደምበጫ፣ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ነጋዴዎች ከየፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤቶች ጋር ተነጋግረው አንድ ቀን ቢቆርጡና በዚያ ዕለት ሁሉም በየቤቱ ያለውን ኮምፒውተርና ፍላሽ ቢያስመረምር፣ ከዚያም ወዲያ ሳይመረመር የሚሰካ ፍላሽ እንዳይኖር ቢስማሙ፣ ጥቅሙ ለሁሉም ይሆናል። የሚጠይቀውም ከገንዘብ ይልቅ የአንድ ቀን ጊዜና መተባበር ነው። የንግድ ማኅበራትም የዚህን ቀን ማስታወቂያ በመንገርና ሥራውን የሚያውቁ ወጣቶችን በማሰማራት ሊረዱ ይችላሉ። መኸሩ ከመግባቱ በፊት ጎተራውን የሚያጸዳ ገበሬ ሞኝ ተብሎ አያውቅም፤ የዓመቱ ሒሳብ ከመዘጋቱ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያጸዳ ነጋዴም አይባልም።