ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የነጋዴው ኀላፊነት

ሚዛኑን ሳይፈትሽ እህል የሚረከብ ነጋዴ የለም፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ቃል ሳይመረምር የሚቀበል ግን ሞልቷል።

ይህ የሚያስከትለው ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2024 በካናዳ ታይቷል። የኤር ካናዳ መልስ ሰጪ መሣሪያ ስለ ቲኬት ቅናሽ ለአንድ መንገደኛ የተሳሳተ ቃል ሰጠው። ኩባንያው ለዚህ ቃል ተጠያቂ አይደለሁም ብሎ ቢከራከርም፣ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የዳኝነት ጉባኤ ክርክሩን ሳይቀበል ካሣ እንዲከፍል ፈረደበት። መሣሪያ ላጠፋው ጥፋት ዕዳው የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ወጣቱ ጸሐፊ በመሣሪያው መጠቀምን ብቻ ሳይሆን መመርመርንም ሊማር ይገባዋል። ለዚህ የሚረዳ፣ የልዩ ልዩ አገር ተማሪዎች ከክፍላቸው ሳይወጡ በኢንተርኔት ተገናኝተው አብረው የሚሠሩበት ትምህርት አለ፤ የኒው ዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ማዕከል አቋቁሞለታል። የአዲስ አበባና የሐምቡርግ ተማሪዎች ስለ ቡና ንግድ አንዱን ጥያቄ በየቋንቋቸው ለመሣሪያው አቅርበው መልሱን ቢያስተያዩ፣ አንዱ ያላወቀውን ስሕተት ሌላው ያርመዋል። የደንበኛን ምስጢር ለመሣሪያው አሳልፎ መስጠት ነውር መሆኑም፣ በማዶ ያለው ባልንጀራ ሲቃወም ይበልጥ ይገባል።

ነጋዴዎች የንግድ ትምህርት ቤቶች ይህን እንዲጀምሩ ቢደግፉ፣ ወጪው ለገዛ ስማቸው የገቡት መድን ይሆንላቸዋል።