ከገጠር የመጣችው እህታችንና የምናከራያት ክፍል

ሀዋሳ የምትኖሩ ከሆነ በመጪው እሑድ ከአምልኮ በኋላ በራፉ ላይ ቆማችሁ የሚወጣውን ምእመን ተመልከቱ። ሁለት ሦስት ሆነው፣ ከማንም ጋር ሳይጨዋወቱ ቶሎ የሚወጡ ወጣት ሴቶች ታያላችሁ። ከየት እንደመጡ፣ ሳምንቱን ምን ሲሠሩ እንደሚሰነብቱ፣ ማታስ የት እንደሚያድሩ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

ከተማችን ድሮም ከሌላ ስፍራ በመጡ ሰዎች የተሞላች ናት። በ1950ዎቹ የተቆረቆረችው ሀዋሳ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 69 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ ከተሜው ብቻ ከ157 ሺህ በላይ ሆነ። ያው የ1999 ቆጠራ በከተማው አስተዳደር ከሚኖሩት 10 ሰዎች 6ቱ ገደማ ፕሮቴስታንት መሆናቸውንም አሳይቷል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ልጆቹ ለምን ይመጣሉ? ብዙዎቻችን «የከተማ መብራት አማሏቸው» ማለት ይቀናናል። ነገሩ ግን ከመሬቱ ይጀምራል። የሲዳማና የወላይታ ገጠር በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች ይቆጠራል። አያት ያረሰው ማሳ ለአባት ሲካፈል ጠቦ፣ ለልጆች ሲካፈል ደግሞ እንሰቱንና ቡናውን አጠጋግቶ እንኳ ቤተሰብ የማይመግብ ሆኗል። ለሴት ልጅ ሕጉ እኩል መብት ቢሰጣትም ልማዱ ድርሻዋን ብዙ ጊዜ ለወንድሟ ያሻግረዋል። ስለዚህ 10ኛ ክፍል ደርሳ ያልሆነላት ልጅ ምርጫዋ ጥቂት ነው፤ ማግባት፣ ዓረብ አገር መሄድ ወይም ከተማ መግባት።

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ይህንን መንገድ ሰፊ አደረገው። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 60 ሺህ ሰው እንዲቀጥር ታስቦ ነበር። ምልመላው እስከ ቀበሌ ወርዶ ልጃገረዶቹ ከየገጠሩ እየተመዘገቡ መጡ፤ ከሠራተኞቹም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በደመወዝ በኩል ግን የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ የጀማሪዋን የወር ደመወዝ 26 ዶላር ገደማ አድርገው አስቀምጠው፣ ለዓለም ገበያ ልብስ ከሚሰፉ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ብለዋል። ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ሥራውን ጥለው እንደሚሄዱም ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር፤ ወለሉ ግን ለዓመታት ሳይወሰን ቆየ።

ከዚያም ጦርነቱ መጣ። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሉ፣ ከአጎዋ፣ እንደምታስወጣ ስታስታውቅ ፒቪኤች የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በፓርኩ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ። እገዳው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ትግራይ ውስጥ የተተኮሰ ጥይት ሀዋሳ ላይ መርፌ ይዛ የተቀመጠችውን ልጅ እንጀራ ነካ ማለት ነው። ሥራዋን ያጣችው ሁሉ ወደ እናቷ ቤት አልተመለሰችም። ባዶ እጅን ወደ መንደር መመለስ ያሳፍራል፤ ጎረቤት ምን ይላል?

ወገኖቼ፣ ስለ ኩባንያዎችና ስለ ዋሽንግተን መናገር ይቀላል፤ እነርሱ ይህንን አያነቡም። እኛን የሚመለከተው ክፍል ኪራዩ ነው። ከደመወዟ ላይ ትልቁን የሚወስደው እሱ ነው። አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይጋራሉ። አንዷ የቀን፣ ሌላዋ የማታ ፈረቃ ከሆኑ ፍራሹም በፈረቃ ነው። ኪራዩ ሲጨመር ወደ ከተማው ዳር ይሸሻሉ፤ ዳር በሸሹ ቁጥር ከማታ ፈረቃ በጨለማ የሚሄዱበት መንገድ ይረዝማል፤ ባጃጅ እንዳይዙ ደግሞ ገንዘቡ የለም። በዚያ መንገድ ላይ ምን እንደሚደርስባቸው ለሴቶች አገልግሎት እህቶች መንገር አያስፈልግም።

አሁን ወደዚያ ቁጥር ልመለስ። ከ10 ነዋሪ 6ቱ እኛ ከሆንን ከአከራዮቹስ ስንቶቹ እኛ ነን? በግቢያችን ጀርባ በቆርቆሮ የሠራናት ሰርቪስ፣ «ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ መብራት እስከ ሦስት ሰዓት» ብለን ያከራየናት፣ ከፓርኩ ደመወዝ ተጨመረ የሚል ወሬ በሰማን ማግስት የጨመርንባት ክፍል የማን ናት? በነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 5 ላይ ሕዝቡ የጮኸው በባዕድ ላይ ሳይሆን በገዛ ወንድሞቹ ላይ ነበር። ይህ ክፍል ቅጥሩ ሲሠራ ስለነበረው ትጋት የምንወደውን ያህል በመድረካችን ሲሰበክ አይሰማም።

አከራይ ሁሉ ባለጸጋ አይደለም፤ ይህንንም መካድ አይገባም። ባሏ ሞቶባት በሁለት ክፍል ኪራይ ልጆቿን የምታስተምር እናት በየአጥቢያው አለች፤ የዘይቱና የጤፉ ዋጋ እሷንም አልማራትም። ነገር ግን ዋጋ መጨመርና ያለ ማስጠንቀቂያ ዕቃ አውጥቶ በር ላይ ማስቀመጥ አንድ አይደሉም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። አዋጁ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ የሚወስኑት ክልሎች ናቸው። አማኝ አከራይ ግን ይህንን ለማድረግ የክልል ውሳኔ መጠበቅ አለበት?

የገጠር አጥቢያዎችም ድርሻ አላቸው። አባል ስትዛወር መሸኛ ደብዳቤ የመስጠት ልማዳችን መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ልጅቷ ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ እንደያዘች ዓመት ያልፋል፤ ወዴት እንደምታስገባ አታውቅም፣ እሑድም ፈረቃ ሊኖርባት ይችላል። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ደብዳቤውን ለእሷ ከመስጠታችሁ በፊት ሀዋሳ ወዳለው አጥቢያ ደውሉ። ስሟን፣ የምትደርስበትን ቀንና የምታርፍበትን ሰፈር ንገሩ። ሀዋሳ ያላችሁት ደግሞ መነኻሪያ ድረስ ሄዶ የሚቀበላት አንዲት እህት መድቡ፤ ቢቻል ገና ክፍል ሳትከራይ።