የቤት ግብር ግምት ሲጨምር



የቤትና የቦታ ግብር ማስታወቂያ ከማዘጋጃ ቤት ደርሶ ሒሳቡ ካለፈው ዓመት በልጦ ሲገኝ አንዳንዶቻችን እያጉረመረምን እንከፍላለን፤ ሌሎቻችን ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ አኑረን ቅጣት እናስቆጥራለን። ሁለቱም ከልጆች ደብተርና ከወር አስቤዛ ላይ የሚቀነስ ነው። የሚበጀው ግምቱ ከምን እንደመጣ ማወቅ ነው።

በከተሞቻችን ለረጅም ዓመታት የተሠራበት በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ነው። በእርሱ መሠረት የቦታ ኪራይ በስፋትና በቦታው ደረጃ፣ የቤት ግብር ደግሞ ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያስገኛል ተብሎ በሚገመተው ገንዘብ ይታሰባል። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ይህ የኪራይ ግምት ተሻሽሎ የብዙ ቤተሰብ ክፍያ ጨምሯል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። የዚህ መነሻ የንብረቱ ዋጋ ነው፤ ታክሱ የሚታሰበው ግን በዋጋው 25 በመቶ ላይ ብቻ ነው። የሕንፃ ምጣኔው ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ይደርሳል።

በምሳሌ እንየው። ቤታችሁ 800 ሺህ ብር ቢገመት፣ ታክስ የሚታሰብበት 200 ሺህ ብር ነው። ምጣኔው 0.5 በመቶ ከሆነ የዓመቱ ክፍያ 1,000 ብር ይሆናል። የጭቃ ቤቱ በስሕተት ብሎኬት ተብሎ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ቢገመት ግን 1,500 ብር ይጠየቃል። አንድ ቃል በየዓመቱ 500 ብር ታስከፍላለች ማለት ነው።

ስለዚህ አዲሎም ሆነ ሆሳዕና የምትኖሩ፣ ማስታወቂያው እንደደረሳችሁ እነዚህን አመሳክሩ፦

አንደኛ፣ የቦታው ስፋት ከይዞታ ማረጋገጫው ጋር ይስማማ እንደሆነ። የጓሮው እንሰት ያለበት መሬት በቤት ስፋት ውስጥ እንዳይቆጠር በሜትር ለኩ።

ሁለተኛ፣ ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው በትክክል መመዝገባቸውን፤ የቦታውንም ደረጃ።

ሦስተኛ፣ መኖሪያው የንግድ ቤት ተብሎ እንዳልተመዘገበ። በር ላይ አንዲት ጠረጴዛ ሱቅ ያላችሁ ይህን በተለይ ተመልከቱ።

ስሕተት ካገኛችሁ የግምቱን ዝርዝር ጠይቁ፤ ቅሬታችሁንም በጽሑፍ አቅርቡ። “በዛብኝ” ማለት ብቻውን አይረዳም፤ “48 ካሬ ሜትር የሆነው ቤቴ 84 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ተለክቶ ይስተካከልልኝ” ብላችሁ ጻፉ። የይዞታ ማረጋገጫውን፣ ያለፉትን ዓመታት ደረሰኞችና የቤቱን ፎቶግራፍ ቅጂ አያይዙ። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥርና ቀን እንዲጻፍበት አድርጉ፤ አንድ ቅጂም በእጃችሁ ይቅር። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ሳያልፍ ሂዱ፤ ውሳኔው ካላረካችሁ በቀጣይ የት ይግባኝ እንደሚባል እዚያው ጠይቁ። ቅሬታ አቅርቤአለሁ ብሎ መክፈያውን ቀን ማሳለፍም ቅጣት ሊያስከትል ስለሚችል ስለ ክፍያው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ባለቤታቸው ያረፉባቸው እኅቶች ደግሞ ተገቢውን ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተው የመዝገቡን ስም ያስተካክሉ። በሟች ስም በተያዘ ቤት ቅሬታ ለማቅረብ ሲሄዱ “አንቺ ማን ነሽ?” መባል አይቀርምና።

ደረሰኞቹን በአንድ ፖስታ በየዓመቱ አስቀምጡ። ነገ ለልጆቻችሁም ማስረጃ ናቸው።