የታናሿ ቃል

ውድ እናት፣ ከሥራ ውለው ሲገቡ ትንሿ ልጅዎ «እማዬ፣ ዛሬ አንድ ነገር አየሁ» ስትልዎ ምን ይመልሱላታል?

በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው «ልዑል ካስፒያን» የተሰኘው ፊልም ይህን ጥያቄ ያስነሳል። ፊልሙ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ለልጆች ከደረሳቸው ሰባት የናርኒያ መጻሕፍት ከአንዱ የተወሰደ ሲሆን፣ በ2005 የታየው ፊልም ተከታይ ነው። ከአራቱ እኅትና ወንድም ታናሿ ሉሲ፣ አስላን የተባለውን አንበሳ ከገደሉ ማዶ አየሁት ትላለች። ታላላቆቿ ግን እነርሱ ስላላዩት አላመኗትም። በሌላ መንገድ ሄደው ወንዙ ዳር የጠላት ወታደሮች ስላጋጠሟቸው ተመለሱ። መሻገሪያው የተገኘው እርሷ ባመለከተችው ስፍራ ነው።

ልጅ ያለው ሁሉ እውነት ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ዛሬ «ዝም በይ» የተባለች ልጅ፣ ነገ የሚያስፈራራት ሰው ቢመጣ ለማን ትናገራለች? ስለዚህ ዛሬ ማታ ሽንኩርቱን እየከተፉም ቢሆን «የት አየሽው?» ብለው ይጠይቋት።