«ተሳሳትክ» ከማለታችሁ በፊት

ኪቦርድ የሚማር ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካላችሁ አንድ ቀን ጆሮ የሚቆረቁር ድምፅ መስማታችሁ አይቀርም። «ተሳሳትክ፣ ተው!» ለማለት አትቸኩሉ። ዲሚኒሽድ ኮርድ እየተለማመደ ይሆናል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሲ ይነሳል፤ ነጩንም ጥቁሩንም ሳይዘል «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ይቆጥርና ሦስተኛውን ቁልፍ ይጨምራል። ሁለቴ ሲደግመው አራት ድምፅ ይሞላል። ለብቻው ያስጨንቃል፤ ሥራው ግን ማሸጋገር ነው። ከሲ ሜጀር ወደ ዲ ማይነር ሲያልፍ መሃል ላይ ሲ ሻርፕ ዲሚኒሽድ ቢያስገባ ዜማው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከፍ ይላል። ድምፆቹን ተራ በተራ አፍጥኖ ሲነካቸው ደግሞ ሙዚቀኞች «ራን» የሚሉት ይሆናል። የሚጠኑት ኮርዶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ የእነዚሁ ግልባጭ ናቸው።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የኢትዮ ጃዙ ሙላቱ አስታጥቄ፣ በደቡብ የሚኖሩ የደራሼ ሰዎች በቀርከሃ ዋሽንት የዲሚኒሽድ ስኬል እንደሚጫወቱ ደጋግመው ተናግረዋል። አንቺሆዬም ከሲ ሲነሳ ከኮርዱ አራት ድምፆች ሦስቱን ይዟል። ትዝታ ላይ ግን ከበዛ ቅኝቱን ያጠፋዋል።

እንግዲህ የቆረቆራችሁ ድምፅ የት እንደሚያርፍ ጠብቁ። ካላረፈ «ወዴት ልትወስደን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እንደ ሐዋሳ መሃል ከተማ ጎረቤት ቅርብ ከሆነ ማታ በጆሮ ማዳመጫ ይለማመድ፤ ቀን ግን ድምፁን ይክፈተው። በየድምፁ የተቆጡት ልጅ ኪቦርዱን አቧራ ያለብሰዋል፤ የሚያዳምጠው ያገኘ ግን ነገም ይቀመጥበታል።