ሙሾ ምን ያስተምራል?

አዲስ ፊልም፣ ቴአትር ወይም ልቦለድ በወጣ ቁጥር በአገራችን የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ምን ያስተምራል?» ደራሲውም መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ «እያዝናና ያስተምራል» ይላል። ጠያቂና ተጠያቂ በዚህ ተስማምተው ይለያያሉ። እኔ ግን ይህ መልስ ኪነ ጥበብ በሰው ሕይወት ውስጥ ያለውን ሥራ እጅግ ያሳንሰዋል እላለሁ። ምክንያቴን ለማስረዳት ከአዳራሹ ወጥቼ ወደ ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ።

ሙሾ ግጥም ነው፤ ዜማም አለው። ማንንም ግን አያዝናናም። ትምህርትም አይሰጥም፤ ሰው ሟች መሆኑን ለማስረዳት ሙሾ የምታወርድ አልቃሽ የለችም። በማዝናናትና በማስተማር ቁና ቢሰፈር ባዶውን ይገኛል። ያም ሆኖ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዘመናት ሙታቸውን ያለ ሙሾ መሸኘትን እንደ ጉድለት ሲቆጥሩት ኖረዋል። በዝማሬ የሚጸልዩ ካህናት እንኳ ደረት መምታቱንና ፊት መንጨቱን ደጋግመው ቢገሥጹም ሙሾ በቀላሉ አልጠፋም። ይህን ያህል የጸና ነገር አንድ ሥራ ሊኖረው ይገባል።

ጎበዝ አልቃሽ ዝም ብላ አትጮህም። አስቀድማ ትጠይቃለች፦ የማን ልጅ ነው? አገሩ ወዴት ነው? በምን ይታወቅ ነበር? ማንን ጥሎ ሄደ? የሰማችውን በሁለት በሁለት ስንኝ ቋጥራ ታወርደዋለች። ስንኙ ቤት ሲመታ ለቀስተኛው ይቀበላታል፣ ደረቱን ይመታል፣ ከዚያም ትንፋሽ ይሰበስባል። እሷም ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። ጠዋት ወሰን ያልነበረው ሐዘን አሁን መጀመሪያና ማብቂያ አገኘ። «አስከሬን» መባል የጀመረው ሰው ስሙ፣ ሙያውና ጠባዩ ተመለሰለት። «ልጄን!» ከማለት በቀር ቃል ያጠራት እናት፣ በውስጧ የታመቀው ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ሰማች። ሟቹን እምብዛም የማያውቀው ጎረቤት ደግሞ በዚያው ስንኝ የራሱን ሙት አስታውሶ አለቀሰ።

የኪነ ጥበብ ዋና ሥራ ይህ ይመስለኛል፦ መልክ ላጣ ስሜት መልክ መስጠት፣ የአንዱን ሸክም ብዙዎች የሚይዙት ማድረግ። ትምህርትና መዝናኛ ከዚህ ሥራ ሊተርፉ ይችላሉ፤ ሥራው ግን እነሱ አይደሉም።

ኪነ ጥበብ ሆድ ከሞላ በኋላ የሚመጣ የጥጋብ ነገር ነው የሚሉ አሉ። እነዚህን ሰዎች የሞተር ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት ወደነበረው ጓዳ ብወስዳቸው እወድ ነበር። ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ በድንጋይ ወፍጮ ላይ የምትጎነበስ ሴት ታንጎራጉር ነበር። የአማት ፊት፣ የራቀ ወንድም፣ ያልተሳካ ትዳር፣ ቀን ለማንም የማትነግረው ሁሉ በእንጉርጉሮዋ ይወጣል። ዜማው መጁን አላቀለለላትም፤ እህሉንም አልፈጨላትም። ነገር ግን ወፍጮው ላይ የተደፋችው ሴት ጉልበት ብቻ ሆና እንዳትቀር አድርጓታል። ኪነ ጥበብ የጥጋብ ልጅ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ጓዳ መች ይወለድ ነበር?

«ምን ያስተምራል?» የሚለው ጥያቄ እስከ ጫፉ ሲሄድ የት እንደሚያደርስም አይተናል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየቀበሌውና በየጦር ክፍሉ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ከእነዚህ ቡድኖች ብዙ ተሰጥኦ ያላቸው ድምፃውያንና ተዋንያን ወጥተዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የተሰጣቸው ተልዕኮ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነበር፦ ሕዝብን ማንቃትና መቀስቀስ። ትምህርቱ ከላይ ተጽፎ ሲወርድ ለአርቲስቱ የሚቀረው ዜማ መፈለግ ብቻ ነው።

ይኸው ኪነትን በየቀበሌው ያደራጀ መንግሥት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወጣቶችን ገድሎ አስከሬናቸውን በየጎዳናው ሲጥል፣ ቤተሰቦቻቸው እንዳያለቅሱ ከለከለ። እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ዋሉ። ይህ ክልከላ ባሰብኩት ቁጥር ከየትኛውም የሥነ ውበት ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ስለ ሙሾ ኃይል ያስረዳኛል። ከንቱ ጌጥ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር? ገዳዮቹ ያወቁት ነገር አለ፦ የተለቀሰለት ሟች ሰው ሆኖ ይታወሳል፤ የሚያስታውሱትም ተሰባስበው ይተያያሉ።

በእርግጥ ያው ኃይል ለሐሰትም ያገለግላል። ግፈኛን ያሞገሰ አዝማሪ፣ ጦርነትን ያሳመረ ዘፈን አጥተን አናውቅም። ስለዚህ ኪነ ጥበብን ያለ ጥያቄ እንቀበል አልልም፤ ጥያቄው ይለወጥ ነው የምለው። «ምን ያስተምራል?» በሚለው ፈንታ «የኖርነውን ሳይዋሽ መልክ ሰጥቶታል?» እንበል። በዚህ ጥያቄ ፊት የውዳሴው ዘፈን ይወድቃል፤ የወፍጮዋ ሴት እንጉርጉሮ ይቆማል።

በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ፣ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደጃፍ፣ ያዘኑ የሦስት ሴቶች ሐውልት አለ። ታሪኩን የሚያስረዱት ሰነዶችና ፎቶግራፎች ከውስጥ ናቸው። ሴቶቹ ምንም አያስረዱም፤ ያዝናሉ። ያኔ በነጠላ የታፈነው ለቅሶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም አላፊ አግዳሚ በሚያየው ቦታ ቆሟል።